እንቁጣጣሽን ሁለታችን ብቻ፣ ፀሐይ ባለበት

ደብዳቤው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እትዬ። ፍራንክፈርት የምኖር ነርስ ነኝ፤ 34 ዓመቴ ነው። ጓደኛዬም የአገሬ ልጅ ናት፤ ሁለታችንም በእኛ አነጋገር ‹ዜጋ› ነን፤ ማለትም ሴት የምናፈቅር ሴቶች፣ እሷም ፍቅረኛዬ ናት። አንድ ቤት እንኖራለን፤ ለዘመድ ግን ኪራይ የምንጋራ ጓደኛሞች ነን። በየዓመቱ እንቁጣጣሽን እኔ አክስቴ ቤት፣ እሷ ወንድሟ ቤት እናሳልፋለን። ዘንድሮ ፈቃድ ወስደን አንድ ሳምንት ፀሐይ ያለበት አገር አብረን ልንሆን ወሰንን። የሥራ ባልደረባዬ ‹ስፔን ሂዱ፣ ማስፓሎማስ› አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ግሪክ ውስጥ ሴቶች የሚሰባሰቡበት ደሴት አለ ሲባል ሰምታለች። እኔ የምፈራው ብዙ ነው፤ ሆቴል ገብተን አንድ አልጋ ስንል የሚያየንን ዓይን፣ ጥቁር መሆናችንን፣ ከአበሻ ጋር መገጣጠምን፣ ፎቶን። ጓደኛዬ የምትጓዘው በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። በዚያ ላይ ጾመኛ ናት።

ከሁሉ የከበደኝ ባለፈው ፋሲካ የሆነው ነው። እናቴ በቪዲዮ ስትደውል ከካሜራው ዞር እንድትል በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ዞር አለች፤ ማታ ግን ‹በዓል በመጣ ቁጥር ከገዛ ሳሎኔ መባረር ሰልችቶኛል› አለችኝ። እንቁጣጣሽ ዕለትም እናቴ መደወሏ አይቀርም። ምን ላድርግ?

አደይ ነኝ፣ ከፍራንክፈርት»

መልሱ

እህቴ አደይ፣ ማስፓሎማስን ለጊዜው ተዪው። ባልደረባሽ ክፉ አልመከረችሽም፤ በግራን ካናሪያ ደሴት ደቡብ ያለው ይህ ከተማ በአውሮፓ ስማቸው ከገነነ የኤልጂቢቲኪው (የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የመሰሎቻቸው) መዝናኛዎች አንዱ ነው። ዝናውን የሠሩት ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። የምሽቱ ሕይወት ያለው ዩምቦ በሚባል በ1982 (‹ዓ.ም.› ያላልኩት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) በተከፈተ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ቀን ሱቅ ሆኖ የዋለው ሕንፃ ሲመሽ በየፎቁ መጠጥ ቤት ይሆናል፤ ጨዋታው የሚሞቀውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከማደሪያዎቹ መካከል ወንድ እንግዳ ብቻ የሚቀበሉ አሉ፤ ሳያነቡ የከፈሉ ሴቶች በር ላይ ይመለሳሉ። አንቺ ደግሞ በረጅሙ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ ጭፈራ አላነሳሽም። ከፍራንክፈርት ያለው በረራም ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የደሴቲቱ ትልቁ ጸጋ ሰሜን አውሮፓ በብርድ ሲኮማተር እዚያ ሰው ባሕር መግባቱ ነው፤ በመስከረም መጀመሪያ፣ ቅርቡ ባሕር ገና ሞቅ እያለ፣ ያን ያህል መራቅ ምን ያደርግላችኋል? የሚጨፍሩ ወንዶች ጓደኞች ካሏችሁ በኅዳር ይሂዱ፤ የፈረንጆቹ የብርድ ወራት ፕራይድ፣ የኤልጂቢቲኪው ሰዎች የአደባባይ በዓል፣ ያኔ ነው።

ለእናንተ ያሰብኩት ሲትጀስን ነው። ከባርሴሎና ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ በባቡር 40 ደቂቃ አካባቢ ያስኬዳል። ከፍራንክፈርት ባርሴሎና ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ወጥታችሁ ኤል ፕራት ደ ዮብሬጋት ጣቢያ ላይ ወደ ደቡብ የሚሄደውን የአር 2 መስመር ትቀይራላችሁ፤ ባርሴሎና መሐል መግባት አያስፈልግም። ባቡሩ ሲያሰኘው ይዘገያልና ሻንጣ ይዞ መቀያየር የማትወዱ ከሆነ ከማረፊያው በቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስም አለ።

ሲትጀስ ከመቶ ዓመት በፊት ሠዓሊዎች የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ ሳንቲያጎ ሩሲኞል የሚባለው ሠዓሊ የሠራውና የኖረበት ቤት ዛሬ ካው ፌራት የሚባል ሙዚየም ነው፤ መስኮቱ ባሕሩ ላይ ይከፈታል። ከጎኑ፣ ዓለቱ ጫፍ ላይ፣ የቅዱስ በርተሎሜዎስና የቅድስት ቴክላ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንግዲህ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ የተሰቀለበት የባሕር ዳርቻ ታገኛላችሁ፤ ባሳ ሮዶና ይባላል። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያ በኩል ወደ ቅዳሴ ያልፋሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። ከተማዋን የመረጥኩላችሁ ለዚህ ነው። ባሳ ሮዶና ራሱ ወንዶች የሚበዙበት ስለሆነ እናንተ ከአሮጌው ከተማ በስተ ምሥራቅ ያለውን ሳንት ሴባስቲያንን የበለጠ የምትወዱት ይመስለኛል፤ ቤተሰብ፣ ሽማግሌ፣ ጥንዶች፣ ሁሉም ተደባልቆ ይተኛበታል። ከእሱ ትንሽ አለፍ ብላችሁ ባልሚንስ የሚባለውን ስታገኙ ደግሞ ሰዎቹ ምንም ሳይለብሱ ፀሐይ እንደሚሞቁ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በኋላ ‹እትዬ አላስጠነቀቁኝም› እንዳትዪ።

አሁን ስለ ቀኑ። የእኛ መስከረም 1 በአብዛኛው በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ያ ቀን ለካታሎኒያ ሕዝብ ትልቅ በዓል ነው። በ1714 ባርሴሎና በቡርቦን ነገሥታት ጦር እጅ የወደቀችበትን ቀን ያስባሉ፤ ‹ዲያዳ› ይሉታል። በየሰገነቱ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ባርሴሎና ውስጥ ትልቅ ሰልፍ ይወጣል፣ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ስለዚህ ጳጉሜን 5 ገበያ ውጡ። እንጀራውንም፣ በርበሬውንም፣ ቡናውንም ከፍራንክፈርት ይዛችሁ ግቡ፤ ከአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር ወደ ሌላው ምግብ ይዞ መሄድ አይከለከልም። ስለዚህም ከሆቴል ይልቅ ትንሽ ወጥ ቤት ያለው የኪራይ ቤት የተሻለ ይመስለኛል፤ እንቁጣጣሽ ያለ ቡና ምን ይሆናል? ዕጣኑን ግን በረንዳ ላይ አጭሱት፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሃይማኖት አይለይም። ጓደኛሽ በጾም ቀን ምን ትበላለች ብለሽ አትጨነቂ። ዳቦ ላይ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የሚያሹበት ቁርስ አላቸው፤ በእሳት የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ ‹ኤስካሊቫዳ› ብለው ያቀርባሉ፤ ከሥጋም ከወተትም ነጻ ነው። ላዩ ላይ ዓሣ ጣል የሚያደርጉ አሉና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከተዘረዘሩት መካከል ቦታውን የሳተ ፍርሃት አለ፣ ቦታውን የያዘም አለ፣ ከነጭራሹ የጎደለም አለ።

ቦታውን የሳተው የሆቴል ተቀባዩ ዓይን ነው። ስፔን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ የፈቀደችው በ2005 ነው፤ ከኔዘርላንድስና ከቤልጂየም ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ ናት። ዛሬ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ወጣት ያኔ ሕፃን ነበር፤ ሁለት እናት ካለው ልጅ ጋር አብሮ ተምሮ ይሆናል። ይልቅ ሊገጥማችሁ የሚችለው ችግር ሌላ ነው። ሁለት የሴት ስም ሲያይ ሆቴሉ ‹እህትማማች ወይም ጓደኛሞች ናቸው› ብሎ ሁለት ነጠላ አልጋ ያዘጋጅላችኋል። ማታ ደክሟችሁ ገብታችሁ ‹ይቀየርልን› ከማለት፣ ቦታ ስትይዙ በጽሑፍ አንድ ሰፊ አልጋ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፤ በስፔን ‹ካማ ዴ ማትሪሞኒዮ› ነው የሚባለው። ማረጋገጫ በኢሜይል ጠይቂ። የመልሳቸው ቃና ስለ ቤቱ ብዙ ይነግርሻል፤ በድረ ገጻቸው ላይ በሰኔ ወር ከሚለጥፉት ባንዲራ የበለጠ እኔ እሱን አምናለሁ።

ስትገቡ የሁለታችሁንም ሰነድ ተቀብለው ይመዘግባሉ። አትደንግጪ፤ በስፔን ማንኛውም ማደሪያ የእንግዶቹን መረጃ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ጀርመናዊም ይሁን አሜሪካዊ ሁሉም ይመዘገባል። ለየትኛውም ኤምባሲ የሚላክ ዝርዝር አይደለም።

ይህች አገር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ አገዛዝ ዘመን፣ በ1954፣ ስለ ዋልጌዎችና ስለ ሥራ ፈቶች የወጣው ሕግ ተሻሽሎ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን እንዲያካትት ተደረገ፤ በ1970 ደግሞ ‹ለኅብረተሰቡ አደገኛ› የሚላቸውን የሚያስር ሌላ ሕግ ተተካ። በሰኔ ወር 1971 በደቡብ ጠረፍ በቶሬሞሊኖስ ከተማ፣ ፓሳሄ ቤጎኛ በሚባል መጠጥ ቤቶች በበዙበት መተላለፊያ፣ ፖሊስ በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ ሰው አፍሶ ወሰደ፤ የውጭ አገር ሰዎች የነበሩት ከአገር ተባረሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ፍራንኮ ሞቶ ሕጉ ግን ገና ሳይሻር፣ ባርሴሎና ውስጥ የመጀመሪያው የአደባባይ ሰልፍ ወጣ። ከሕጉ ውስጥ ያ አንቀጽ የተሰረዘው በ1978 መጨረሻ ነው። ሲትጀስ ውስጥ የባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ይህንን ሁሉ በዕድሜያቸው ያዩ ናቸው። አንዳንዶቹ ሁለት ሆነው ተቀምጠው ታያላችሁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው።

ቢሆንም ገነት አይደለችም። በሐምሌ ወር 2021 በሰሜን ምዕራብ ከተማ በአ ኮሩኛ ሳሙኤል ሉይስ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት በሌሊት ተደብድቦ ተገደለ፤ በመላ አገሪቱ ሰልፍ ወጣ፤ ገዳዮቹም ተፈረደባቸው። በዚያ ሌሊት ሕዝቡ ቆሞ ሲያይ ሊያድኑት መሐል የገቡት ሁለት የሴኔጋል ስደተኞች ነበሩ። ስለዚህ በባዕድ ከተማ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሰካራም ጎረምሶች ከተሰበሰቡበት ራቅ ማለት እንደ የትኛውም ቦታ ያስፈልጋል። የአደጋ ጊዜ ስልኩ እንደ ጀርመኑ 112 ነው። 028 ደግሞ የስፔን መንግሥት ለኤልጂቢቲኪው ሰዎች ያቋቋመው የነጻ የምክር መስመር ነው፤ ሁለቱንም ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

ቦታውን የያዘው ፍርሃትሽ የቆዳ ቀለም ነው። የቀስተ ደመናው ባንዲራ ያለበት ቤት ሁሉ ለጥቁር ሴት በሩን እኩል ይከፍታል የሚል ሰው ጥቁር ሴት ሆኖ አያውቅም። በ1992 በቫያዶሊድ ባቡር ጣቢያ አንዲት ጥቁር ስፔናዊት በቀለሟ ብቻ ተለይታ መታወቂያ ተጠየቀች፤ ክርክሯን ሳትተው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ድረስ አደረሰችው፤ ኮሚቴውም በ2009 ስፔን መብቷን ጥሳለች ብሎ ወሰነላት። ልማዱ ግን በዚያ ውሳኔ አልጠፋም። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ስትሄዱ ሳይቀር የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ያዙ፤ ፓስፖርቱንና የጉዞ ሰነዱን ከማደሪያው አስቀምጣችሁ ፎቶ ኮፒ መያዝ ለሽርሽር ይበቃ ይሆናል፣ ወደ ባርሴሎና ስትሄዱ ግን ዋናውን ያዙ። ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ካርዱን አሳይቶ ማለፍ ነው፤ ክርክሩን ዕረፍታችሁን ለማበላሸት አትፍቀዱለት፤ ቅሬታ የሚጻፈው በማግሥቱ ነው። በነገራችን ላይ ባርሴሎና ውስጥ ከፖሊስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኪስ አውላቂው ነው፤ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ቢሰረቅ እንደ ፓስፖርት በሁለት ቀን ከኤምባሲ የሚተካ አይደለም። በልብስ ሥር የሚታሰር ቦርሳ ግዙላት።

ስለዚሁ ሰነድ ጠይቀሻል። ጥገኝነቷ ጸድቆ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድና ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ ከያዘች ያለ ቪዛ ስፔንም ግሪክም መሄድ ትችላለች፤ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ሁለቱም ሰነዶች ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ የሚያልቁ መሆናቸውን ዛሬውኑ አይታችሁ አረጋግጡ፤ የእድሳት ቀጠሮ በጀርመን ምን ያህል እንደሚርቅ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን መጓዝ የለበትም። የጤና መድን ካርዳችሁንም ያዙ፤ በጀርባው ያለው የአውሮፓ ካርድ በስፔን የመንግሥት ሕክምና ተቋማት ያገለግላል።

የጎደለው ፍርሃት የቱ ነው? ፎቶን ጠቅሰሻል፤ ግን በአንድ ቃል፣ ከአበሻ ጋር መገጣጠም ቀጥሎ። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ሲትጀስ ውስጥ አንድ አበሻ ብታገኚ የሚያየው ሁለት አበሻ ሴቶች ለሽርሽር መጥተው ነው። ‹የአገር ልጆች ናችሁ?› ይላችኋል፣ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል፣ ምናልባትም ቡና ይጋብዛችኋል። የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ፎቶ ግን ከእናንተ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል።

ስፔን የጋብቻውን ሕግ ባጸደቀችበት በዚያው በ2005፣ በግንቦት ወር፣ የእኛ አገር አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ፤ አንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ ለወንድም ለሴትም። ከሕጉ የከፋው ደግሞ ከሕግ ውጭ የሚመጣው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶና ስም እያወጡ ለጥቃት የሚያነሳሱ ቪዲዮዎች እንዴት እንደተሠራጩ አይተሻል። ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው በደስታ ቀን የለጠፏቸው ነበሩ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ምሽት ስልኮቻችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ካሜራው ቦታን እንዳይመዘግብ አጥፉት። ፎቶዎችሽ በራሳቸው ወደ ቤተሰብ የጋራ አልበም የሚገቡ ከሆነ አቋርጪው፤ የአክስትሽን ልጅ አይፓድ ያዘጋጀሽለት በአንቺ አድራሻ አይደለም? ብዙ ሰው የሚጋለጠው በእንዲህ ዓይነቱ ደግነት ነው። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከስልክሽ ላይ ያሉትን ስሞች እንዳያነቡ ከልክያቸው፤ ያለበለዚያ የግል ያልሽውን ገጽ ለወንድሟ ‹ይህችን ታውቃት ይሆናል› ብለው ያቀርቡለታል። እዚያ ሆናችሁ ምንም አትለጥፉ፤ የሚለጠፍ ካለ ከተመለሳችሁ በኋላ ይሁን። መጠጥ ቤቶቹ ውስጥ ለቤቱ ገጽ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ሲዞሩ እጃችሁን አንስታችሁ ‹አይሆንም› በሉ፤ እዚያ ይህ ነውር አይደለም። ለየብቻችሁም ተነሱ፤ አንቺ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ እሷ ባሕሩ ዳር። ለአክስት የሚታየው እሱ ነው። የሁለታችሁን ፎቶ ግን አታንሱ አልልሽም፤ አንሱ፣ አሳትሙት፣ ፍራንክፈርት መኝታ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ወደ አገር ቤት በምትሄጂበት ጊዜ ስልክሽ ላይ አይኑር፣ ያ ብቻ ነው።

አሁን እናትሽ። ይህን ክፍል ለመጻፍ ብዙ አሰብኩ።

አገር ቤት እንዴት እንዳደግሽ አስታውሺ። ከጓደኛሽ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘሽ ትምህርት ቤት ሄደሻል፤ እንግዳ ሲመጣ ከአክስትሽ ልጅ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተሻል፤ እናትሽ ራሷ አብሮ አደግዋን አንገቷን አቅፋ ስትስም አይተሻል። ሁለት ሴቶች በበዓል ቀን ጎን ለጎን ሶፋ ላይ ቢቀመጡ እናትሽ የምታየው ልጇ በሰው አገር ብቻዋን እንዳልሆነች ነው፤ ትደሰታለች እንጂ አትጠረጥርም። ካሜራው ውስጥ ምንም አልነበረም። ጓደኛሽን ያስወጣት የእናትሽ ዓይን ሳይሆን የአንቺ ድንጋጤ ነው። ምናልባት ጥርጣሬ የሚያስነሳው ለዓመታት አብራሽ የምትኖር ‹ኪራይ ተጋሪ› አንድም ቀን አለመታየቷ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛው ጓደኛሽን ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ በቡና ሰዓት በቀልድ መልክ ሳይሆን በግልጽ፣ የእጅሽን ምልክት ጠቅሰሽ። እሷ በስደት ያለች ሰው ናት፤ ከአንድ ቤት ተባርራ የመጣች ሰው በሁለተኛው ቤቷ በእጅ ምልክት ስትሸሽ ምን እንደሚሰማት አንቺ አጠገቧ ሆነሽ አይተሻል። ሁለተኛው፣ የእንቁጣጣሹ ስልክ እንዴት እንደሚሆን ራሷ እንድትመርጥ መጠየቅ ነው። ‹ጓደኛዬ› ተብላ ካሜራው ውስጥ ገብታ ‹እንኳን አደረስዎት እማማ› ማለት ትፈልጋለች? አንዳንዷ ሴት ይህ ይበቃታል፣ ያስቃታልም። ሌላዋ ደግሞ ግማሽ ስም ይዞ ከመታየት ጨርሶ አለመታየት ትመርጣለች። ሁለቱም ልክ ነው፤ ምርጫው ግን የእሷ ይሁን። አልታይም ካለች አንቺ እናትሽ እስክትደውል አትጠብቂ። ስፔን በዚያ ወር ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን እናትሽ ዘንድ 3 ሰዓት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡና እያፈላች ይሆናል። ጓደኛሽን በአልጋዋ ትተሽ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ባሕሩ ዳር ውጪ፣ ከዚያ ደውዪ፤ ባሕሩን አሳያት። እየሸሸ የሚወጣው ሰው አንቺ ትሆኛለሽ።

ለእናትሽ እውነቱን ለመንገር ያሰብሽበት ቀን እንቁጣጣሽ ከሆነ ግን እለምንሻለሁ፣ ሌላ ቀን ይሁን። እናት እንዲህ ያለ ነገር ቤቷ ጎረቤት ሞልቶ፣ ስልኩን በሁሉም ፊት ይዛ መስማት የለባትም። ለእሷም ለአንቺም አደጋ አለው። ይህ ሌላ ደብዳቤ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ከፈለግሽ ጻፊልኝ።

ግሪክን በተመለከተ ጓደኛሽ የሰማችው እውነት ነው። ደሴቲቱ ሌስቦስ ትባላለች፤ ባለቅኔዋ ሳፎ ተወለደችበት በሚባለው በኤሬሶስ፣ በባሕሩ ዳር በስካላ ኤሬሱ መንደር፣ በየዓመቱ በመስከረም ወር የሴቶች ፌስቲቫል ይደረጋል፤ ከመላው ዓለም ሴቶች ይመጣሉ። ለሁለት ሴቶች ብቻ ቢሆን ጥያቄው እሱን ከሲትጀስ አስቀድም ነበር። ግሪክ በየካቲት 2024 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቅዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ብትቃወምም፣ የኦርቶዶክስ እምነት ከሚበዛባቸው አገሮች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ይህ ለጾመኛዋ ጓደኛሽ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። በአቴንስ በኩል ሚቲሊኒ መድረስ፣ ከዚያም ደሴቲቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት አለ፤ ከሁለት አንዳችሁ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ሌላም አለ። ያቺው ደሴት በጀልባ ከቱርክ የሚሻገሩ ስደተኞች የሚያርፉባት ናት፤ በመስከረም 2020 የተቃጠለው የሞሪያ መጠለያ ሰፈር እዚያ ነበር። ጓደኛሽ ወደ አውሮፓ የገባችው በየት በኩል እንደሆነ አልነገርሽኝም። በዚያ ባሕር ከሆነ፣ ቦታውን ራሷ ብታነሳውም፣ ዳርቻው ላይ ፎጣ አንጥፋ መተኛት ትችል እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቂያት። እችላለሁ ካለች ክረምቱ ሳይገባ ክፍል ያዙ፤ ስካላ ኤሬሱ ትንሽ መንደር ናት፣ በፌስቲቫሉ ሰሞን አልጋ ቶሎ ያልቃል።